ነፋሱ ላይ ላዩን ነው የሚነፍሰው፣ ታዲያ የባህሩ ጥልቅ ውሃ ለምን በየወቅቱ ይለዋወጣል?

ነፋስ_አሳዳጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፣ ግማሽ መልስም ይዣለሁ፣ ቀሪውን እናንተ ሙሉበት፣ ከሳትኩም አርሙኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነፋስ ባህር ላይ ሲነፍስ በቀጥታ የሚያናውጠው የላይኛውን ጥቂት አስር ሜትር ነው፣ በጣም ቢበረታ መቶ ሜትር አካባቢ። ከዚያ በታች ጨለማና ፀጥታ ነው። አሁን ቀይ ባህርን ተመልከቱ። መሀሉ ከ2,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ደቡብ ጫፉ ላይ ያለው ባብ ኤል መንደብ ግን ጠባብ በር ነው፣ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሀኒሽ ደሴቶች አጠገብ ደግሞ ወለሉ ከፍ ይልና ልክ እንደ ቤት በር ደፍ ይሆናል፣ እዚያ ላይ ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ነው። ጨዋማውና ከባዱ ውሃ ወደ ኤደን ባህረ ሰላጤ የሚወጣው ይሄን ደፍ ተሻግሮ በታች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በሩ ላይ መለኪያ ተተክሎ ሲታይ ፍሰቱ በቀዝቃዛው ወቅት ጫፍ ላይ በሰከንድ ወደ 600 ሺህ ሜትር ኩብ ይደርሳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ወደ 50 ሺህ ይወርዳል። አሥራ ሁለት እጥፍ! ጥልቁ ውስጥ እኮ ወቅት የሚባል ነገር የለም፣ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ 21 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው፣ ጨዋማነቱም በኪሎ ውሃ 40 ግራም ከምናምን ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ማነው በሩን በየወቅቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው?

እኔ ነፋሱ ነው እላለሁ፣ ግን ጥልቁን ነክቶት አይደለም። በሁለት ቦታ ነው የሚሠራው። አንዱ ሩቅ ሰሜን ላይ፣ ውሃውን እያተነነና እያቀዘቀዘ የሚያከብድበት ቦታ ነው። ሌላው በሩ ላይ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያውቃል፣ ሁለተኛውን ግን ይዘለዋል፣ እኔ ደግሞ የወቅቱ ምስጢር ያለው እሱ ጋ ይመስለኛል።

አንድ የቃል ነገር፦ መጽሐፍ ላይ ዊንተር የሚለውን «ክረምት» እያሉ ይተረጉሙታል፣ እኛ ግን ክረምት ስንል ሰኔ ሐምሌ ነሐሴ ነው፣ ተገልብጦ ሰው ግራ ይጋባል። እባካችሁ በወር ስም እናውራ፣ ዓመቱንም ሁሉ እ.ኤ.አ. እናድርገው።

ግራ_የገባት

ደስ የሚል ክር ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ልጠይቅ፣ ነፋሱ በየወቅቱ ይቀየራል ስትል አቅጣጫው ነው የሚቀየረው ወይስ ጉልበቱ? ሌላው ደግሞ ቀይ ባህር ረጅም ነው፣ ሁሉም ጋ ነው እንዴ እኩል የሚነፍሰው?

ነፋስ_አሳዳጅ

ጥሩ ጠየቅሽ፣ እሱን መዝለሌ ልክ አልነበረም። ባህሩ ርዝመቱ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለቱም ዳር ተራራ ስለሆነ ነፋሱ ወደ ጎን መሄጃ የለውም፣ እንደ ቧንቧ ውስጥ ወይ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው። ሰሜኑ ግማሽ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን ሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። ደቡቡ ግን ይገለበጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም እሱም ከሰሜን ምዕራብ ነው፣ ማለትም ነፋሱ ከሰሜን እስከ ደቡብ የባህሩን ላይ ወደ በሩ ይገፋዋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ግን የህንድ ውቅያኖስ ሞንሱን፣ በየወቅቱ አቅጣጫ የሚቀይረው ነፋስ፣ ተገልብጦ በባብ ኤል መንደብ በኩል ከደቡብ ደቡብ ምስራቅ ይገባል፣ ከሰሜኑ ነፋስ ጋር 19ኛው ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። እዚያ መሀል ላይ ነፋሱ ይሞታል፣ ደመና ይሰበሰባል። በአንድ ባህር ላይ ሁለት ነፋስ ማለት ነው።

ጨውና_ውሃ

ወንድሜ ነፋስ_አሳዳጅ፣ በትልቁ ሀሳብህ አልስማማም። የቀይ ባህር ሞተሩ ጨው ነው። ልቁጠርልህ፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ባህሩ በዓመት ወደ 2 ሜትር ውሃ በትነት ያጣል። ወንዝ የሚገባበት የለም ማለት ይቻላል፣ ዝናቡም ኢምንት ነው። ስፋቱ 440 ሺህ ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ ነው፣ ሁለቱን ስታባዛ በሰከንድ ወደ 28 ሺህ ሜትር ኩብ ይጠፋል ማለት ነው። ይሄ መተካት አለበት፣ የሚተካው ደግሞ ከኤደን ብቻ ነው። ግን ከኤደን የሚገባው ውሃ ጨው ይዞ ነው የሚገባው፣ በኪሎ 36.5 ግራም ገደማ፣ ውሃው ይተናል ጨው ይቀራል። ጨው እየተጠራቀመ ባህሩ ወደ ጨው ድንጋይ እንዳይለወጥ የግድ የገባውን ያህል ጨው መውጣት አለበት፣ የሚወጣው ውሃ ጨዋማነቱ 39.5 ገደማ ቢሆን 28 ሺህን በ36.5 አባዝተህ ለልዩነቱ ማለትም ለ3 ስታካፍል በሰከንድ 340 ሺህ ሜትር ኩብ ይመጣል። አሁን ልኬቱን እይ፣ የዓመቱ አማካይ 370 ሺህ አካባቢ ነው። ነፋስ የሚባል ነገር ሳልጠራ እዚህ ደረስኩ። ስለዚህ ነፋስ ጌጥ ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ትነትና ጨው ነው።

ሰናይት_ፊዚክስ

ጨውና_ውሃ ሂሳብህ ልክ ነው፣ በጣም ደስ ብሎኛል እንደዚህ በግልፅ ስላስቀመጥከው። ግን የቆጠርከው የዓመቱን አማካይ ነው። የተጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ለምን በየካቲት 600 ሺህ በነሐሴ 50 ሺህ ሆነ ነው። ትነቱ በወቅት ይለዋወጣል እንጂ አሥራ ሁለት እጥፍ አይለዋወጥም። እንደገና ደግሞ የትነቱ ጉልበት ራሱ ከየት መጣ ብለህ ብትጠይቅ ዞረህ ነፋስ ጋ ትደርሳለህ፣ የቆመ አየር እርጥበት ይጠግብና ትነቱ ይደክማል፣ ደረቅ ነፋስ ግን እርጥቡን አየር እየጠረገ ይወስደዋል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ከአረቢያ በረሃ በተራሮቹ ክፍተት እየሾለከ ወደ ምዕራብ የሚወጣ ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ አለ፣ በሳተላይት ፎቶ ላይ አቧራውና ደመናው ባህሩን አቋርጦ እንደ ጅራፍ ተዘርግቶ ይታያል። ያን ጊዜ ሰሜኑ ባህር ሙቀቱንም ውሃውንም በአንድ ላይ ይነጠቃል፣ ያ ነው ከባድ ውሃ የሚፈጥረው።

አሁን በሩ። ይሄን በደንብ ልግለጸው ምክንያቱም እኔም ለረጅም ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ነበር የምረዳው። ባህሩን ሁለት ንብርብር አድርጋችሁ አስቡት፣ ላዩ ቀላል ታቹ ከባድ። ነፋስ ላዩን ወደ አንድ ጫፍ ሲገፋው እዚያ ጫፍ ላይ ውሃው ይከማቻል፣ ግን ከፍታው የሚጨምረው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ከታች ያለው ድንበር ግን በተቃራኒው ያዘነብላል፣ ያውም በብዙ ሜትር። ለምን ብትሉ በላዩ ውሃና በአየር መሀል ያለው የክብደት ልዩነት በጣም ትልቅ ነው፣ በላዩና በታቹ ውሃ መሀል ያለው ግን ትንሽ ስለሆነ ያን ትንሽ የላይ ከፍታ ለማመጣጠን ታች ላይ ብዙ መዘንበል ያስፈልጋል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ግንቦት የደቡቡ ነፋስ ላይኛውን ውሃ ከበሩ ወደ ውስጥ ሲገፋው በሩ አጠገብ ያለው ድንበር ወደ ላይ ይነሳል፣ ከባዱ ውሃ ከደፉ በላይ ከፍ ይላል፣ ይፈስሳል። ከሰኔ ጀምሮ ነፋሱ ሲገለበጥ ላይኛው ውሃ በሩ ጋ ይከማቻል፣ ድንበሩ ይጫናል፣ ከባዱ ውሃ ከደፉ ጀርባ ይታገዳል። ነፋሱ 137 ሜትር ድረስ መውረድ አላስፈለገውም፣ ላዩን በማዘንበል ብቻ ታቹን አንቀሳቀሰው።

ነፋስ_አሳዳጅ

ሰናይት እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ በሁለት ገጽ ልል የነበረውን ነው ያልሽው። አንድ ነገር ልጨምር፣ በሞቃቱ ወቅት በሩ ላይ ሁለት ሳይሆን ሦስት ንብርብር ነው የሚገኘው። ከላይ ቀጭን ሞቃት ውሃ ይወጣል፣ ከስር ትንሽ ጨዋማ ውሃ ይወጣል፣ መሀል ላይ ደግሞ ከኤደን ባህረ ሰላጤ ቀዝቃዛ ውሃ ሰርጎ ይገባል። ላዩ 31 32 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ከ50 ሜትር ገደማ በታች ከ20 ዲግሪ የቀዘቀዘ ውሃ ታገኛላችሁ። ይሄ ውሃ ኦክስጅኑ ትንሽ ነው ግን ለአልጌ የሚሆን ናይትሬትና ፎስፌት ተሸክሞ ነው የሚመጣው፣ የደቡቡ ቀይ ባህር ከሰሜኑ ይልቅ አረንጓዴና ለም የሆነበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። የሚገርመኝ ነገር ይሄን ውሃ ወደ በሩ ያቀረበውም ሌላ ነፋስ ነው፣ በዚያው ወቅት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ሞንሱን የኤደንን ባህረ ሰላጤ ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቅ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ከዚያ የቀይ ባህሩ ነፋስ ላዩን ጠርጎ ቦታ ይለቅለታል።

የሞተር_ክፍል

ልጆች ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም፣ በንግድ መርከብ ላይ መሀንዲስ ሆኜ ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የምትሉትን ሳነብ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝና ልጻፍ ብዬ ነው።

የመርከብ ሞተር የሚቀዘቅዘው በባህር ውሃ ነው፣ ውሃው ከመርከቡ ሆድ በኩል ይሳብና በማቀዝቀዣው ያልፋል። መግቢያው ቱቦ ላይ ቴርሞሜትር አለ፣ እኛ በየአራት ሰዓቱ ዘበኛ ስንለዋወጥ መዝገብ ላይ እንጽፈዋለን። ነሐሴ ላይ ቀይ ባህር ውስጥ 33 ዲግሪ የሚያሳይበት ቀን ብዙ ነበር፣ ማቀዝቀዣው አቅም ያንሰውና የሞተሩን ጉልበት ቀነስ እናደርጋለን፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ አይነገርም፣ ሸሚዝህን ጨምቀህ ትለብሳለህ። ከባብ ኤል መንደብ ወጥተን ወደ ህንድ ውቅያኖስ ስንዞር፣ የሶማሊያን ጫፍ ስናልፍ ያቺ መርፌ ትወርድ ነበር፣ በአንድ የአራት ሰዓት ተራ ውስጥ ሰባት ስምንት ዲግሪ የወረደችበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ አምጥቼ አስገባሁ፣ ሁለተኛውም ያንኑ አለ። ላይ ወጥቼ ስጠይቅ ድልድዩ ላይ፣ መርከቡ የሚነዳበት ክፍል ውስጥ፣ ያለው መኮንን «ነፋሱ ነው፣ ከታች እያወጣው ነው» አለኝ። ባህሩም ቀለሙ ተለውጦ አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ሌላ ትዝ የሚለኝ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በሱዳን በኩል ቶከር የሚባለው ቦታ ትይዩ ስንደርስ ጠዋት ጠዋት ከየብስ የሚመጣ ነፋስ ነበር፣ ጉልበቱ ሌላ ነው፣ አቧራው መርከቡን ሙሉ ቡናማ ያደርገው ነበር። እሱስ በዚህ በምታወሩት ነገር ውስጥ ድርሻ አለው?

ሰናይት_ፊዚክስ

ጋሼ ስለጻፉልን በጣም አመሰግናለሁ፣ የቴርሞሜትሩን ነገር ለተማሪዎች ልናገረው ነው ከፈቀዱልኝ። ድልድዩ ላይ የነበሩት መኮንን ልክ ናቸው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነፋስ የሚገፋው ውሃ በምድር መሽከርከር የተነሳ ወደ ነፋሱ ቀኝ ነው የሚሄደው፣ በሶማሊያ ጠረፍ ሞንሱኑ ከደቡብ ምዕራብ ሲነፍስ ቀኙ ወደ ክፍት ባህር ስለሆነ ላዩ ከጠረፉ ይሸሻል፣ ክፍተቱን ለመሙላት ቀዝቃዛው ከስር ይወጣል። ይሄን መጀመሪያ ያስተዋለው የኖርዌዩ አሳሽ ናንሰን ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1896 ፍራም የምትባለው መርከቡ በበረዶ ተይዛ ስትንሳፈፍ በረዶው ከነፋሱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ እየዞረ እንደሚሄድ አየ፣ ሂሳቡን ደግሞ ስዊድናዊው ሳይንቲስት ኤክማን ሠርቶ በ1905 አወጣው።

ስለ ቶከር የጠየቁት፣ አዎ ድርሻ አለው። በተራራው ክፍተት ተጨምቆ የሚወጣው ነፋስ በሰከንድ ከ15 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ የነፋስ ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው፣ ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ባህሩ ላይ ሲወርድ ከነፋሱ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ አዙሪቶች ይፈጠራሉ፣ አንዱ ቀዝቃዛውን ውሃ ወደ ላይ ያነሳል፣ ሌላው ሞቃቱን ወደ ታች ይጫናል። ነፋሱ ጥቂት ሰዓት ነፍሶ ያቆማል፣ አዙሪቱ ግን ለሳምንታት ይቆያል።

ባለ_ሁለት_ቀለም

እኔ የሜዲትራኒያንን ልጨምር ምክንያቱም እዚያ ነገሩ ከበሩ ሳይሆን ከጣሪያው ነው የሚሆነው። ደቡብ ፈረንሳይ ፊት ለፊት የሊዮን ባህረ ሰላጤ አለ፣ ሚስትራል የሚባል ቀዝቃዛ ደረቅ ነፋስ በሮን ሸለቆ ተንደርድሮ ይወርድበታል። በ1969 ብዙ መርከቦች በአንድ ጊዜ እዚያ ሆነው ለኩት፣ ሜዶክ ይባላል ዘመቻው። ያገኙት ነገር ሦስት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ወራቱን ሙሉ ባህሩ በክብ እየዞረ መሀል ላይ ያለው ከባዱ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይጎብጣል፣ ላይኛው ንብርብር እየሳሳ ይሄዳል፣ ይሄ ዝግጅት ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሚስትራል ይበረታል፣ የላዩ ውሃ ሙቀቱን ይነጠቃል፣ ከስሩ ካለው ጋር ክብደቱ እኩል ይሆናል፣ እኩል ከሆነ በኋላ የሚያግደው ነገር የለም፣ በቀናት ውስጥ ከላይ እስከ 2,000 ሜትር ድረስ አንድ ወጥ ውሃ ይሆናል። ቁልቁል የሚወርደው ውሃ ፍጥነት በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር የደረሰበት ጊዜ አለ፣ ውቅያኖስ ውስጥ ቁልቁል የሚሄድ ነገር ብዙውን ጊዜ በቀን ሜትር አይሞላም፣ ስለዚህ ይሄ ፏፏቴ ነው። በመጨረሻም ተዘርግቶ በወለሉ ላይ ይሄዳል።

ዋናው ነገር ነፋሱ ብቻውን ስላልሆነ ነው ይሄን የጻፍኩት። ያው ሚስትራል ባልተዘጋጀ ባህር ላይ ቢነፍስ ሁለት መቶ ሜትር ቀላቅሎ ይመለሳል። ምስራቁ ሜዲትራኒያን ላይም ይሄው ታይቷል፣ ጥልቅ ውሃ የሚመጣው ከጣሊያን በስተምስራቅ ካለው ከአድሪያቲክ ባህር ነበር፣ ቦራ የሚባለው ነፋስ ያቀዘቀዘው፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ምንጩ በግሪክና በቱርክ መሀል ወዳለው ኤጂያን ባህር ዞረ፣ ቀዝቃዛ ወራቶችና ከፍ ያለ ጨዋማነት አንድ ላይ ስለገጠሙ። የአንድ ባህር ጥልቅ ውሃ ምንጩን ሲቀይር ሰው በዕድሜው አየ ማለት እኮ ትልቅ ነገር ነው።

ጨውና_ውሃ

ሰናይት ላልሽው፣ የወቅቱ መለዋወጥ የነፋስ ሥራ እንደሆነ እቀበላለሁ፣ አማካዩ ላይ ግን በአቋሜ ነኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ነፋስ ይሄን ያህል ጉልበት ካለው ጥቁር ባህር ለምን አይቀላቀልም? እዚያም እኮ ነፋስ አለ፣ ከጥቅምት በኋላ ከሰሜን ምስራቅ የሚመጣው ቀላል አይደለም። ከ150 ከ200 ሜትር በታች ግን ኦክስጅን የሚባል የለም፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ብቻ፣ አሳ አይኖርበትም።

ሰናይት_ፊዚክስ

መልሱ አንተው ያልከው ጨው ውስጥ ነው። ዳንዩብና ሌሎቹ ወንዞች ላዩን ያቀሉታል፣ ጨዋማነቱ 18 ነው፣ ታቹ 22 ነው፣ ከማርማራ ባህር ኢስታንቡል ላይ ባለው በቦስፎረስ ሰርጥ በታች በኩል የሚገባው ጨዋማ ውሃ ወለሉን ሞልቶታል። የአራት ግራም ልዩነት ትንሽ ይመስላል ግን ላዩን በረዶ ሊሆን እስኪደርስ ብታቀዘቅዘው እንኳ ታቹን የሚያህል ክብደት አያገኝም። ስለዚህ ነፋሱ ያቀዘቀዘው ውሃ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ቀዝቃዛው መካከለኛ ንብርብር የሚባለው እሱ ነው።

የቦስፎረስን የሁለት አቅጣጫ ፍሰት በነገራችን ላይ መጀመሪያ በሙከራ ያሳየው ማርሲሊ የሚባል ጣሊያናዊ ነው፣ በ1679 ኢስታንቡል ሄዶ። ነጭ የተቀባ ቡሽ በገመድ አስሮ ወደ ጥልቁ ሲያወርደው ላይ ያለው በአንድ አቅጣጫ ሄዶ ታች ያለው ወደ ኋላ ሲታጠፍ አየ፣ ኋላ ቤት ገብቶ በመሀሉ ግድግዳ ባለው ገንዳ አንድ ጎን ጨዋማ አንድ ጎን ጨው ያነሰበት ውሃ አድርጎ ላይና ታች ቀዳዳ ከፍቶ ደገመው። የጻፈው በ1681 ነው።

ባለ_ሁለት_ቀለም

ባልቲክ ደግሞ የጥቁር ባህር ዘመድ ሆኖ ነፋስ የሚያድነው ባህር ነው። እሱም ላዩ ቀላል ታቹ ጨዋማ ነው፣ ታቹ ኦክስጅን ያልቅበታል። አልፎ አልፎ ግን ነፋሱ በትክክለኛ ቅደም ተከተል ይመጣል፣ መጀመሪያ ለሳምንታት ከምስራቅ ነፍሶ የባልቲክን ውሃ ወደ ውጭ ይገፋና ከፍታውን ያወርዳል፣ ከዚያ ገልብጦ ከምዕራብ ሳያቋርጥ ሲነፍስ የሰሜን ባህር ጨዋማ ውሃ በዴንማርክ ሰርጦች በኩል ይገባል። በታህሳስ 2014 የገባው 198 ኪሎ ሜትር ኪዩብ ነበር፣ 4 ቢሊዮን ቶን ጨው ይዞ። ይሄ ውሃ ከባድና ኦክስጅን ያለው ስለሆነ በወለሉ እየተንሸራተተ ከተፋሰስ ወደ ተፋሰስ እየሞላ ሄደ፣ ባልቲክ መሀል ያለችው ጎትላንድ ደሴት አጠገብ ለመድረስ ወራት ፈጀበት። የምዕራቡ ነፋስ በመሀል ቢያርፍ ኖሮ ይሄን ያህል አይገባም ነበር።

ግራ_የገባት

እየተከተልኩ ነው፣ በጣም ገብቶኛል። ታዲያ ምድር ስትሞቅ ይሄ ሁሉ ምን ይሆናል? ላዩ ከሞቀ አይከብድም ማለት ነው አይደል?

ነፋስ_አሳዳጅ

አዎ ያው ነው ፍርሃቱ። የጃፓን ባህር ምሳሌ ነው። ወለሉ ከ3,500 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ሰርጦቹ ግን ከ150 ሜትር አይጠልቁም፣ ስለዚህ ጥልቁ ውሃ ከውቅያኖስ አይመጣም፣ እዚያው ነው የሚሠራው። የሚሠራው ደግሞ ከሳይቤሪያ የሚመጣው ነፋስ ቭላዲቮስቶክ ፊት ለፊት ሲወርድ ነው። ባለፉት አስርት ዓመታት እዚያ ጥልቅ ያለው ኦክስጅን እየቀነሰ ሙቀቱ እየጨመረ መጥቷል፣ እስከ ወለል የሚደርስ ከባድ ውሃ መፈጠሩ ስለተዳከመ። ከ2000 ወደ 2001 በተሻገረው ቀዝቃዛ ወቅት ግን ያልተለመደ ብርድ መጣና አዲስ ውሃ ወለሉ ድረስ ሲደርስ ታየ። በር አልተዘጋም፣ ግን ቶሎ ቶሎ አይከፈትም።

ተቃራኒውም አለ። ፒናቱቦ እሳተ ገሞራ በሰኔ 1991 ፈንድቶ ምድርን ሲያቀዘቅዛት በቀጣዩ ቀዝቃዛ ወቅት በቀይ ባህር ሰሜን ጫፍ ያለው የአቃባ ባህረ ሰላጤ ከ850 ሜትር በላይ ድረስ ተቀላቀለ። ከታች የወጣው ምግብ አልጌውን አብዝቶ እንደ ምንጣፍ በኮራሉ ላይ ተኛበት፣ ብዙ ኮራል ታፍኖ ሞተ። በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ራሱ የቀይ ባህር ጥልቅ ውሃ ከሜክሲኮው ኤልቺቾን እሳተ ገሞራ (1982) እና ከፒናቱቦ በኋላ በፍጥነት እንደታደሰ አሳይቷል፣ ከዚያ በፊት ለመታደስ ብዙ አስርት ዓመታት ይፈልጋል ነበር የሚባለው።

የሞተር_ክፍል

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ወደቦች ላይ ስንቆም ከቀይ ባህር መሀል ጀምሮ በሞቃቱ ወራት ውሃው ከግንቡ ወርዶ እናየዋለን፣ በቀዝቃዛው ከፍ ይላል። እኔ ትነት ነው ብዬ ነበር ለወጣቶቹ የምነግራቸው። ነፋስ ነው እንዴ?

ሰናይት_ፊዚክስ

ጋሼ በዋናነት ነፋሱ ነው። በቀዝቃዛዎቹ ወራት የደቡቡ ነፋስ ከኤደን ውሃ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ባህሩ ይሞላል፣ በሞቃቱ ወራት ደግሞ ነፋሱ ወደ በሩ ጠርጎ ያስወጣዋል። ግንቡ ላይ ያዩት ምልክት በሩ ታች ላይ የሚሆነውን ነው የሚያሳየው፣ ውሃው ከፍ ባለ ጊዜ ከታች ያለው ከባድ ውሃ በብዛት እየወጣ ነው።

ግራ_የገባት

እኔ ዝም ብዬ ማንበብ አልቻልኩም፣ ቅዳሜና እሁድ ሞከርኩት። 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የአሳ ገንዳ ወሰድኩ፣ መሀሉ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የፕላስቲክ ደፍ በሲሊኮን አጣበቅኩ፣ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ንፁህ ውሃ ሞላሁ። ከዚያ ጨውና ሰማያዊ ቀለም ያለው ውሃ በቀጭን ቱቦ ከደፉ በስተቀኝ ባለው ወለል ላይ በጣም በዝግታ ለቀቅኩ፣ ከደፉ ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል። ከላይ የጠረጴዛ ማራገቢያ አዘንብዬ አስቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ቀን አልሆነም። ጨዉን በሊትር 35 ግራም አድርጌው ነበር፣ እውነተኛ ባህር ይምሰል ብዬ፣ ማራገቢያውን እስከ መጨረሻ ብከፍተውም ሰማያዊው ድንበር ንቅንቅ አላለም፣ ላዩ ብቻ ተሸበሸበ። የጥቁር ባህሩን መልስ ደግሜ አነበብኩና ገባኝ፣ ልዩነቱ በዛ። በማግስቱ በሊትር 3 ግራም ብቻ አድርጌ ደገምኩት።

ማራገቢያው ከደፉ በኩል ወደ ቀኙ ጫፍ እንዲነፍስ አደረግኩ፣ የጥቅምቱን ነፋስ ማለቴ ነው። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ምንም የለም። ከዚያ ሰማያዊው በቀኙ ጫፍ ወደ ታች ሰመጠ፣ ደፉ ጋ ደግሞ ከፍ ከፍ እያለ መጣ፣ ጫፉን ነካ፣ ቀጭን እንደ ክር ሆኖ ተሻገረና በግራው ወለል ላይ እየተንሸራተተ ወረደ። ማራገቢያውን አዙሬ ከቀኝ ጫፍ ወደ ደፉ እንዲነፍስ ሳደርገው ክሩ ሳሳ፣ ተቆረጠ፣ ሰማያዊው ከደፉ ጀርባ ዝቅ ብሎ ቆመ። ሁለቱንም ጊዜ ማራገቢያው የነካው የላይኛውን ውሃ ብቻ ነው። ማራገቢያውን ሳጠፋው ደግሞ ሰማያዊው ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ደቂቃዎች ቆየ፣ ላዩ ግን እንደ መስታወት ፀጥ ብሎ ነበር።